ቀብሩ ሐሙስ ነው

ለንደን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እሠራለሁ። ሥራዬ ሮታ ማውጣት ነው። ማን ቀን ይገባል፣ ማን ሌሊት ያድራል፣ ማን ያርፋል። ሰው ባይታመም፣ ባይሞትና በዓል ባይኖር ኖሮ ቀላል ሥራ ነበር።

ማናጀራችን እንግሊዛዊት ናት። የሌሊቱ ነርስ ስኮትላንዳዊ ነው፣ የግላስጎው ልጅ። ከተንከባካቢዎቹ አንዷ ደግሞ ዕድሜዋ ወደ ስልሳ የሚጠጋ አይሪሽ ናት። አገሯ ሜዮ ነው፣ በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ። እኛ ሐበሾቹ ሦስቱንም "ፈረንጆቹ" ብለን ነው የምንጠራቸው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አይሪሿ ማናጀሯ ቢሮ ገባች። ሌሊት ወንድሟ ደውሎ የእናቷን መርዶ ነግሯታል። ሮታውን ይዤ እዚያው ነበርኩ። ማናጀሯ ከልቧ አዘነች። ሻይ ቀዳችላት። "አይዞሽ፣ ምንም አትቸኩይ። የቀብሩ ቀን ሲቆረጥ ንገሪኝና እናስተካክላለን" አለቻት።

"ቀብሩ ሐሙስ ነው።"

"የትኛው ሐሙስ?"

"ከነገ ወዲያ።"

ማናጀሯ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ሴትዮዋ ደንግጣ የምትናገረው የጠፋት መስሏታል። እውነቷን ነው፣ በእሷ አገር እንዲህ ቶሎ አይቀበርም። እንግሊዝ ውስጥ መጀመሪያ ሞቱ ይመዘገባል፣ ለዚህም ሕጉ አምስት ቀን ይሰጣል። አብዛኛው አስከሬን ስለሚቃጠል ደግሞ ለማቃጠያው ቦታ ቀጠሮ ይጠበቃል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ ማንም አይገርመውም። የሥራ ቦታችን ደንብም የቀብር ፈቃድ ከሳምንት በፊት ይጠየቅ ይላል። ደንቡን የጻፈው ሰው ክፉ አልነበረም። በአገሩ ልክ ነው የጻፈው፣ በቃ። አየርላንድ ግን ቀብሩ ይቀድማል፣ ምዝገባው በኋላ ይደርሳል።

ችግሩ አይሪሿ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ሺፍት ነበራት። ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚልክልን ኤጀንሲ በአንድ ቀን ማስታወቂያ ሰው አይሰጥም። ማናጀሯ "እስቲ ቤተሰብሽን ለምኚያቸው፣ ትንሽ ቢያቆዩት" አለች። አይሪሿ አልተቆጣችም። ቦርሳዋን አነሳች። "ሥራው ቢቀርም ይቅር፣ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን አለኝ" ብላ ወጣች።

ጎንደሬው ባልደረባችን ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ሰምቷል። "እናቷ ሞታ ስለ ሮታ ነው እንዴ የሚወራው?" አለ። "እህቴ፣ የረቡዕን እኔን ጻፊኝ።" የሐሙሱን ስኮትላንዳዊው ከእረፍት ቀኑ ሰጠ። እኔም ድሮ ተንከባካቢ ስለነበርኩ ዓርብ ራሴ ገባሁ።

ስትመለስ በእረፍት ክፍላችን ከበን አስወራናት። ሳጥኑ ክፍት ሆኖ አስከሬኑ ቤት ውስጥ ነው ያደረው። ብቻውን አይተውም፣ ሰው በየተራ አጠገቡ ይቀመጣል። ድሮማ መስታወት ይሸፈን፣ ሰዓትም ይቆም ነበር። ለቅሶ ለመድረስ ማንም አይጠራም። የሞተ ሰው ስም በአካባቢው ሬዲዮ ይነበባል፣ አሁን ደግሞ ለዚሁ የተሠራ ድረ ገጽ አለ፣ ሰው ጠዋት ማን እንደሞተ ለማየት ይከፍተዋል። አንዱ ጎረቤት ከአዳራሽ ወንበር አመጣ። ሌላዋ ትልቁን የሻይ ማፍያ። ሳንድዊች በየትሪው ገባ። አንድ ጎረምሳ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሶ፣ ባትሪ ይዞ፣ እርሻው ውስጥ መኪና ያስቆም ነበር። መቃብሩንም የቆፈሩት ጎረቤቶቹ ናቸው።

"ድንኳኑ ብቻ ነው የቀረው!" አለ ጎንደሬው። "ይሄ እኮ እድር ነው።" ከዚያ እድርን ያስረዳት ጀመር። ወርሃዊ መዋጮውን፣ ዳኛውን፣ ጸሐፊውን። ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል ሲላት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እነሱ ጋ ቅጣት የለም። የቀረውን ሰው መንደሩ አይረሳውም፣ እሱ ይበቃል አለች።

ስኮትላንዳዊው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ ከኪስ ቦርሳው አንድ ያረጀች ካርድ አወጣ። የሳጥን ሥዕል አለባት፣ ዙሪያውን ቁጥሮች። እነሱ ጋ ሳጥኑን ወደ ጉድጓድ የሚያወርዱት ዘመዶች ናቸው፣ በገመድ። ማን የትኛውን ገመድ እንደሚይዝ በካርድ ይነገረዋል። በራስጌ በኩል ያለው ለቅርብ ሥጋ ዘመድ ነው። ይህቺ ካርድ የአያቱ ቀብር ናት። ከቀብሩ በኋላ የሥጋ ፓይ ይበላል፣ ያልቃል። ብዙ አይወራም።

ይሄ ልዩነት ከየት መጣ ካላችሁ፣ ግማሹ መልስ ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግሊዝ በ1534 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከሮም ስትለይ ንጉሡ የቤተ ክርስቲያኑ የበላይ ሆነ። ስኮትላንድ በ1560 ስትለይ ነገሩን አጠበቀችው። የዚያ ዘመን ተሐድሶ አራማጆች ቀብር ያለ ዝማሬና ያለ ንባብ ይፈጸም ብለው ነበር። አብዛኛው አይሪሽ ግን ካቶሊክ ሆኖ ቀረ። በ1707 ስኮትላንድ፣ በ1801 ደግሞ አየርላንድ ከእንግሊዝ ጋር በአንድ ፓርላማ ሥር ገቡ። አብዛኛው አየርላንድ በ1922 ወጣ። ስኮትላንድ እስካሁን ውስጥ ብትሆንም የራሷን ሕግ ይዛ ነው የገባችው። እዚያ ሞት ለማስመዝገብ የሚሰጠው ጊዜ እንኳ ስምንት ቀን ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ የማናጀሯ አባት አረፉ። እሷ ወዲያው ሥራ ገባች። እኛ ዳቦና ሻይ ይዘን ቤቷ ልንሄድ ተነጋገርን፣ አይሪሿም ከእኛ ጋር። ስኮትላንዳዊው ከለከለን። "ካርድ ግዙና ሁላችሁም ፈርሙበት። ቤቷ ብትሄዱ በሩን ከፍታ ምን እንደምትላችሁ ይጠፋታል" አለ። ሐዘንተኛን ብቻውን መተው እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ግን ካርዱን ሰጠናት። ቢሮዋን ዘግታ አነበበችው። ከዚያ ወጥታ እያንዳንዳችንን በስማችን ጠርታ አመሰገነች።

የፈቃድ ቅጹን የቀየረችው ራሷ ናት። ከሳምንት በፊት ይጠየቅ የሚለው ተሰርዞ "ቀብሩ የት ነው? መቼ ነው?" የሚል ገባ። ባንግላዴሻዊው ምግብ አብሳይ አባቱ የሞቱ ዕለት በዚያው ቀን ተለቆ ሄደ።

ስኮትላንዳዊው ግን የሐሙሷን ሺፍት ውለታ አስከፍሎኛል። ስኮትላንድ ውስጥ የገና ቀን የሥራ መዝጊያ በዓል የሆነው በ1958 ነው። የእነሱ ትልቁ በዓል አዲስ ዓመት ነው፣ እዚያ ጃንዋሪ 2 እንኳ ዝግ ነው። "ዲሴምበር 25ን እሠራልሻለሁ፣ ጃንዋሪ 1ንና 2ን እንዳትነኪብኝ" አለኝ። ተስማማን። ጎንደሬውና እኔ ጃንዋሪ 7ን ለገናችን ያዝን። አሁን የሚያጨቃጭቀኝ ማርች 17፣ የአይሪሾቹ ብሔራዊ በዓል የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ነው። አይሪሿ በዚያ ቀን መሥራት ግድ የላትም። ፈቃድ እየጠየቁ ያስቸገሩኝ እንግሊዞቹ ናቸው።