ቀን ሥራ፣ ማታ ክፍል፦ አንድ ሴሚስተር በሰዓት ሲመነዘር

የማታ ተማሪ ምዝገባ ላይ ቀድሞ የሚጠይቀው «ለአንድ ክሬዲት ስንት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ከብሩ በፊት ሰዓቱን አሰላሁ፤ ሴሚስተሩን ያለ መንገዳገድ እንድጨርስ የረዳኝም ይኸው ይመስለኛል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በአብዛኛው 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪን ጠቅላላ የሥራ ጫና የሚለካ ነጥብ) ይሆናል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ኢሲቲኤስ በ27 ሰዓት የተማሪ ሥራ ስለሚሰላ፣ አንዱ ኮርስ 135 ሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ የምንቀመጠው 48ቱን ብቻ ነው፤ በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት። የቀረው 87 ሰዓት ለንባብ፣ ለአሳይመንትና ለፈተና ዝግጅት ነው፤ እሱን ማንም አይቆጥርልንም። 4 ኮርስ የያዘ ሰው በሳምንት ወደ 34 ሰዓት ያስፈልገዋል፣ 3 የያዘ 25፣ 2 የያዘ 17።

ሳምንት ደግሞ 168 ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ይደርሳል። እንቅልፍ በቀን 7 ሰዓት ቢባል 49፣ መንገድ በቀን 2 ሰዓት ለ6 ቀን 12። የሚተርፈው 59 ነው፤ ምግቡ፣ ልብስ ማጠቡ፣ ቤተሰቡ፣ ለቅሶው፣ ዕድሩ፣ ቤተ እምነቱ ሁሉ ከዚሁ ላይ ይነሳል። 34 ሰዓት ለአንድ ሳምንት ይገኝ ይሆናል፣ 16 ሳምንት ሙሉ ግን አይዘለቅም። ስለዚህ 3 ኮርስ ያዝኩ። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው 2 ቢይዝ ይሻለዋል። ከአቅም በላይ የያዘ ካለ አድ-ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መቀነሻው ጊዜ) ሳያልፍ ይቀንስ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ገንዘቡ አይመለስም።

ቀጣዩ ጣጣ የመውጫ ሰዓት ነው። ቢሮ 11:30 ይወጣል፣ የማታ ክፍልም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት ይጀምራል። ከስታዲየም አካባቢ ተነስቶ ስድስት ኪሎ ለሚማር ሰው ይህ አይገጥምም፤ አራት ኪሎ ላይ ከታክሲ ወርዶ ዳገቱን በእግር ለመውጣት ብቻ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የሚያዋጣው ከምሳ ሰዓት 30 ደቂቃ ቀንሶ በ11:00 ለመውጣት በደብዳቤ መጠየቅ ነው። ከደብዳቤው ጋር የመመዝገቢያ ስሊፑና የክፍል ፕሮግራሙ ኮፒ ይያያዝ፤ ፈቃዱም በጽሑፍ ይሁን። በቃል የተሰጠ ፈቃድ አለቃ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። በአዋጁ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ከፈቃዱ አንዱን ግማሽ ለፋይናል ፈተና ማስቀመጥ ነው፤ የፈተና ፕሮግራም ከመለጠፉ በፊት ቀኑን ማስቆረጥ ግን አይበጅም፣ ብዙ ጊዜ ይገፋልና።

የማጠናው አካውንቲንግ ነው። በማንበብ ብቻ አይገባም፤ በእጅ ካልተሠራ ገባኝ ያሉት ሁሉ ፈተና ላይ ይጠፋል። ማታ ደክሞ የመጣ ጭንቅላት ሃንድአውት ያነባል እንጂ ሂሳብ አይሠራም፤ ሂሳቡን ለንጋት 11:00 ነው የማቆየው። ጊዜ የሚበላው ደግሞ ትራያል ባላንስ፣ ማለትም የዴቢትና የክሬዲት (የሂሳቡ ግራና ቀኝ ወገን) ድምር ማነጻጸሪያው፣ አልገጥም ሲል ነው። ብዙው ተማሪ ከመጀመሪያው ጆርናል (ግብይት በየቀኑ የሚመዘገብበት) ተነስቶ እንደገና ይሠራዋል። ከዚያ በፊት የሁለቱን ድምር ልዩነት አውጡ። ልዩነቱ ያለ ቀሪ ለ9 ከተካፈለ አሃዝ መገለባበጡን ጠርጥሩ፦ 5,400 የነበረው 4,500 ተብሎ ከተጻፈ ልዩነቱ 900 ነው። ዜሮ ሲጎድልም እንዲሁ ነው፤ 500 የነበረው 50 ቢባል 450 ይመጣል። ልዩነቱ ለ2 ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር ሌጀሩ (ከጆርናል ወደየሂሳቡ የሚተላለፍበት መዝገብ) ላይ ፈልጉት፤ ካለ፣ ዴቢት መግባት የነበረበት ክሬዲት ገብቶ ሊሆን ይችላል። 650 ብር በተሳሳተ ወገን ሲገባ የሚያሳየው 1,300 ነው። ልዩነቱ ራሱ ጆርናሉ ላይ ከተገኘ ደግሞ አንዱ ወገን ወደ ሌጀር ሳይተላለፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ማየት 5 ደቂቃ አይፈጅም። ገጠመ ማለት ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ጨርሶ ያልተመዘገበ ግብይት ሁለቱንም ወገን እኩል ስለሚያጎድል ትራያል ባላንስ አይዘውም።

የቡድን አሳይመንት የማታ ተማሪን የሚፈትነው ሁሉም ሠራተኛ ስለሆነ ነው። ጥያቄዎቹን ተከፋፍሎ መበተን ቀላል ይመስላል፣ መጨረሻ ላይ ግን የማይገጣጠሙ ወረቀቶች በአንድ ሰው እጅ ይወድቃሉ፤ ፕሬዘንቴሽን ላይም ማንም ከራሱ ክፍል ውጪ ሲጠየቅ አይመልስም። እኛ የተስማማንበት ሁለት ነገር ነው፦ አሰባሳቢው የመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፣ የእያንዳንዱ ሥራ ደግሞ ከማስረከቢያው 4 ቀን ቀድሞ ቴሌግራም ላይ ይገባል። በቀሪው ጊዜ ሁሉም የሁሉንም ያነባል። አራቱ ቀን ላይ መደራደር የለም።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ጾሙም አለ። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፣ ዐቢይ ጾምም ከዚያ በፊት 55 ቀን ነው። በበዓል የታለፈ ክፍል ብዙ ጊዜ በሜካፕ (በማካካሻ ክፍል) ቅዳሜና እሑድ ይመጣል፤ እነዚያን ቀናት ለሌላ ነገር ቃል አትግቡባቸው። የሚጾም ሰው ክፍል ከመግባቱ በፊት የሚቀምሰው ቆሎ ወይም ዳቦ ቦርሳው ውስጥ ይያዝ።

ፋይናል ሲቀርብ የጥናት ሰዓት የሚከፋፈለው በክሬዲት ነው። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ከቢ ወደ ኤ ከፍ ሲል 4 ነጥብ ይጨምራል፤ ባለ 2 ክሬዲቱ በዚያው ልክ ከፍ ቢል 2 ብቻ ነው። በተግባር ግን ሰው የሚወደውን ኮርስ እያጠና ከባዱን ያሳድራል።

ግሬድ እስኪለጠፍ ድረስ የክፍያ ደረሰኝ፣ የተመለሰ የሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ) ፈተና ወረቀትና የአሳይመንት ኮፒ አይጣል። አሳይመንት ስታስረክቡ የተቀባይ ፊርማ ያለበት ዝርዝር ካለ በስልክ ፎቶ አንሱት። በግሬድ ቦታ «ኤንጂ» ከመጣ ውጤት አልተሞላም ማለት ስለሆነ፣ ማስረጃውን ይዞ መምህሩ ዘንድ በዚያው ሳምንት መድረስ ነው፤ ለቀጣዩ ሴሚስተር ምዝገባ ሲከፈት ቅድመ ሁኔታ ያለው ኮርስ በዚያ ምክንያት ሊያዝ ይችላል።