ፀሐይ ላይ የሚሰቀል አበባ ለባህር ዳር ሰው

የመጋቢትና የሚያዝያን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ ከተማችን 1800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ይጠብሳል፣ እና በረንዳ ላይ የተሰቀለ አበባ መሬት ላይ ከተተከለው የበለጠ ይቸገራል ምክንያቱም ሙቀቱና ነፋሱ ከጎንም ከታችም ስለሚያገኘው አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ትንንሽ እቃ አትስቀሉ፣ ሰፋ ያለና ነጣ ያለ ይሻላል፣ ጥቁር ፕላስቲክ ሥሩን ያግለዋል።

ቀይ አፈር ብቻውን ይከብዳል ይጠጥራልም፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግና ትንሽ አሸዋ ቀላቅሉበት። ውሃ ጠዋት በጊዜ፣ ከታች እስኪንጠባጠብ! አፈሩ ድርቅ ብሎ ውሃው በጎን በኩል ዝም ብሎ ከወረደ ግን አውርዳችሁ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፣ ቀስ እያለ ይጠጣል። ውሃ በበዛ ቁጥር ማዳበሪያውም አብሮ ስለሚታጠብ ቶሎ ቶሎ ግን ትንሽ ትንሽ ጨምሩለት።

ለእኔ ከሚሰቀሉ አበቦች ፖርቱላካ የሚባለውን የሚያህል የለም፣ ቅጠሉ ውስጥ ውሃ ይይዛል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይፈካል ማታ ይዘጋል፣ በጣም ነው የምወደው። ፔቱኒያ የሚባለው አበባም ያምራል ግን ውሃ ይፈልጋል፣ የጠወለገውን አበባ ካልቀነጠሳችሁለት ማበቡን ይቀንሳል። ክረምት ሲገባ ፖርቱላካውን ጣሪያ ስር አስገቡት፣ የሐምሌ ዝናብ ሥሩን ያበሰብሰዋል።