ዳቦ በቆረስንበት ጠረጴዛ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ፣ ወዳጆቼ! የደስታ መግለጫዬ በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሳችሁ። ዘንድሮ ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት። ልጆቼ ትምህርት የጀመሩበትን ቀን አብሬ ላወራችሁ ፈልጌ ነው።

እንደምታውቁት ልጆቼን የማስተምረው እዚሁ ደሴ፣ ቤታችን ውስጥ ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ትምህርት ተቋረጠ። ትልቋ ያኔ 7 ዓመቷ ነበር። የለመደችው ንባብ እንዳይጠፋባት ብዬ በቀን አንድ ሰዓት አብሬያት መቀመጥ ጀመርኩ። ትምህርት ቤት ሲከፈትም መተው አልሆነልኝም። የቱ ጋ እንደምትደናቀፍ፣ የቱ ጋ ፊቷ እንደሚበራ በዓይኔ አይቼዋለሁና።

ዘንድሮ የጀመርነው ሰኞ፣ መስከረም 5 ነው። የደሴን መስከረም ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ እስኪነሳ ጋቢ አይወልቅም። ጠዋት የሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው በደጃችን ሲያልፉ ትንሹ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። ይቺ ሰዓት በየዓመቱ ትከብደኛለች። ከሰዓት በኋላ አብሯቸው ኳስ እንደሚጫወት ባውቅም ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ዘንድሮ ግን ዝም ብሎ ወደ ጓዳ ገባና ለእንቁጣጣሽ የተገዛለትን ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆልፎታል።

«የእኔ ዩኒፎርም ይሄ ነው» አለኝ።

ብናገር እንባዬ ይቀድመኝ ነበር። ዝም ብዬ ደብተሩን ሰጠሁት።

የተቀመጥንበት ጠረጴዛ ሐሙስ ለት ድፎ ዳቦ የቆረስንበት ነው። አደይ አበባውም ገና አልጠወለገም። የመጀመሪያው ትምህርታችን ሒሳብ ነበር። «አዲስ ዓመት ዘንድሮ ለምን ሐሙስ ዋለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሱ ያለው ባሕረ ሐሳብ በሚባለው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር ውስጥ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ የዘንድሮውን 2018 ደመርን፤ 7518 መጣ። ለ4 ስናካፍለው 1879 ደርሶ 2 ተረፈ። 2 ሲተርፍ ዘመኑ የማርቆስ ነው። ከዚያ 7518 ላይ 1879 ደመርን፤ 9397። ይሄን ለ7 ስናካፍለው 3 ተረፈ። 1 ከተረፈ ማክሰኞ፣ 2 ከተረፈ ረቡዕ፣ 3 ከተረፈ ሐሙስ። ትልቋ ጠመኔውን እንደያዘች ቀረች። «የድሮ አባቶች ይሄን ሁሉ በቃላቸው ነበር የሚያሰሉት?» አለች። ሐይቅ እስጢፋኖስን አነሳሁላት። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተማሪ ሰብስበው ያስተማሩበት ገዳም ከኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሲደርቅ ልወስዳቸው ቃል ገብቻለሁ።

ትንሹ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣ። «መውሊድስ ለምን በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል?»

እሱን እኔ ልመልስ አልፈለግሁም። ቡና ሲፈላ ጎረቤታችን መጡ። ልጆቼ አባባ ነው የሚሏቸው። መውሊድን ከእንቁጣጣሽ በፊት እሳቸው ቤት በልተን፣ እንቁጣጣሽን ደግሞ እሳቸው እኛ ቤት ውለዋል።

«የኛ ወር በጨረቃ ነው የሚቆጠር፣ የኔ ልጅ» አሉት። «ዓመቱ 354 ወይ 355 ቀን ነው። እስቲ ካንተ 365 ላይ ቀንሰው።»

በጣቱ ቆጥሮ «11!» አለ። ለካ መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ነው የሚመጣው። ስንት መጽሐፍ ባገላብጥለት እንደዚያ አይገባውም ነበር። አባባ ለልጆቼ ያላቸው ትዕግሥት ይገርመኛል። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝምልን።

ለእናንተም የምመኘው እንዲህ ያለ ዓመት ነው። ልጅ የሚጠይቅበት፣ ታላቅ ቁጭ ብሎ የሚመልስበት፣ የጎረቤት በር የማይዘጋበት ዓመት ይሁንላችሁ። በጦርነቱ ከትምህርቱ ተቆርጦ የቀረ ልጅ ሁሉ ደብተሩን መልሶ የሚይዝበት ይሁን።

ማታ ትልቋ ማንም ሳያዛት የ2019ን አሰላችው። 7519 ላይ 1879 ደምራ ያገኘችውን 9398 ለ7 አካፍላ 4 ተረፋት። ዓርብ! ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ልትነግራቸው ወደ አባባ ቤት ሮጠች።

«ዓርብ ከሆነማ ከጁምዓ መልስ ነው የምመጣው» አሏት። «ቡናውን አቆዩልኝ።»