ሞዴል 19 የተቆረጠለት ቀረሮ

ከፋ ዞን፣ ቦንጋ አካባቢ ችግኝ ጣቢያ ስሠራ የገጠመኝ ነው፤ ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

የዚያ ክረምት ዕቅዳችን ውስጥ ቀረሮ ነበረበት። አናጢ ሁሉ በጣውላው ያውቀዋል፤ ጫካው ውስጥ ግን እስከ 50 ሜትር ተመዝዞ ከሌላው ዛፍ ሁሉ በላይ የሚታይ የከፋ ደን አውራ ነው። ችግኙ የሚያድገው ጥላ ሥር ነው። ቡና ያለበት ጫካ ሲመነጠር እሱም አብሮ ይታጨዳል፤ ትልልቆቹ ቆመው ተተኪ ያጣሉ። ጣቢያው ላይ ማፍላቱ ግድ የሆነብን ለዚህ ነው።

ዘሩን ከእናት ዛፍ ሥር ለቅመን አመጣን፤ ቡናማ፣ የተወለወለ የሚመስል ዘር ነው። አብረውን የለቀሙት የደን ጠባቂ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ «ልጄ፣ ይኼ ፀሐይ ካገኘው አይበቅልም፤ ዛሬውኑ አፈር ይልበስ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የቀረሮ ዘር እርጥበቱን ካጣ ይሞታል።

ኃላፊው ግን «መጀመሪያ ይድረቅ፣ ይመዘን፣ ሞዴል 19 ይቆረጥለትና መጋዘን ይግባ» አለ። ሞዴል 19 ንብረት መጋዘን ሲገባ የሚቆረጥ የመንግሥት ደረሰኝ ነው።

«ከደረቀማ ሞተ» አልኩት።

«ጽዱንስ አድርቀን አይደል የምናስቀምጠው? ቀረሮ በምን ይለያል?»

«የጽድ ዘር ድርቀት ይችላል። ይኼ የዝናብ ደን ዛፍ ነው፤ እርጥብ ቅጠል ላይ ወድቆ እዚያው የሚበቅል።»

«ኦዲተር ሲመጣ ይህን አንተ ታስረዳዋለህ?»

ዝም አልኩ። «አዎ፣ ቁጭ አድርጌ አስረዳዋለሁ» ማለት ነበረብኝ እያልኩ ስንት ሌሊት ተገላብጫለሁ።

ዘሩ ሸራ ላይ ተሰጣ፣ ተመዘነ፣ መጋዘን ገባ። የመዝሪያው ጊዜ ደርሶ ሲወጣ በእጄ ነቀነቅኩት፤ ፍሬው ተጨማዶ ከቅርፊቱ ጋር ይንኳኳል። ተዘራ፤ አንድም አልወጣ። አባባ ከመመዘኑ በፊት እፍኝ ወስደው ከመደቡ ጀርባ ጥላ ሥር ቀብረው ነበር፤ የእሳቸው አብዛኛው በቀለ።

ሪፖርቱ ላይ «የዘር ጥራት ችግር» ተብሎ ተጻፈ። «ዘሩ በመድረቁ» እንዲባል ጠየቅኩ፤ አልተቀበሉኝም። በዓመቱ ቀረሮ ከዕቅድ ወጥቶ ግራቪሊያ ገባ። ግራቪሊያን አልጠላም፤ ለአጥር ጥሩ ነው። ነገር ግን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ የከፋን ደን አይተካም። ኃላፊውን ይዤ የአባባን ችግኞች አሳየሁት። «ለእነዚህ ሞዴል አልተቆረጠም፤ በቁጥር አይገቡም» ብሎኝ ሄደ።