ቆርጬ የጣልኋት ስንኝ

የኪነ ጥበብ ዘጋቢ መሆን የሚያምረው የወሎ ልጅ ካለ ይህን ያንብብልኝ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አምባሰልን እዚያው አምባሰል ምድር ሰምቼ ልጻፍ አልሁ። ቅኝቱን ሁላችንም ከማሪቱ ለገሠ ድምፅ እናውቀዋለን። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ አገር ስም እየተጠሩ፣ ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ወይ ውጫሌ መንገድ ዳር ዛሬ ማን እንደሚጫወታቸው የሚጽፍ ግን እምብዛም ነው። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ የጠፋውን ዕቃ ዝርዝር ከድሮ ጋዜጣ ፈልጌ የደከምሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ጉዞው ቀላል ነው፤ ከደሴ መናኸሪያ በሐይቅ አድርጎ ውጫሌ። መሰንቆ ተጫዋቹን ያገናኘኝ የአክስቴ ልጅ ነው።

ጥፋቴ ደብዳቤው ነው። አዘጋጁ «የትብብር ደብዳቤ ሳትይዝ እንዳትሄድ» አለኝና አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ና። በማግሥቱ ፊርማው ተገኘ፣ ማኅተሙን የያዘችው የለችም። ዘጠኝ ቀን! በመጨረሻ ሲወጣም ብቻውን አልወጣም፤ አንድ ባለሙያ አብሮኝ እንዲሄድ ተመራ። አበሉን ማን ይክፈል? እኔ። ምሳውንም እኔ። ከጽሑፉ የማገኘው ገንዘብ ገና ሳልጽፍ አለቀ።

ሽማግሌው ደብዳቤውን አላነበቡም፤ ማኅተሙን አዩ፣ ቀጥሎ የባለሙያውን ደብተር አዩ። ከሴፍቲኔት ሊሰርዟቸው የመጡ ሳይመስላቸው አልቀረም። የቀበሌው ሊቀመንበርም ተጠርቶ መጥቶ ከፊታቸው ተቀመጠ። እኔ የምፈልገው ሙሾውን፣ የናፍቆቱን፣ የድሮውን ነው። እሳቸው መሰንቆውን ቃኙና ልማት ጀመሩ። መንገዱ፣ ውሃው፣ ትምህርት ቤቱ። ሊቀመንበሩ ያጨበጭባል፣ ባለሙያው በስልኩ ይቀርጻል፣ እኔ እየተቃጠልሁ ሰዓቴን አያለሁ። ማታ ደሴ ገብቼ ያንን ውዳሴ ሁሉ ቆርጬ ጣልሁትና በቀረችኝ አሥር ደቂቃ ጽሑፌን ሠርቼ ላክሁ። ታተመ። ኮራሁም።

መስከረም ላይ አክስቴ ቤት ቡና እየተፈላ፣ ያልተቆረጠውን ቅጂ ለጨዋታ ያህል ከፈትሁት። እዚች ላይ ሲደርስ አክስቴ ጀበናዋን አስቀምጣ በሳቅ ፈረሰች፦

መንገዱም መጣልን፣ ውሃውም መጣልን፣
እኛማ ለመድነው እንደዚህ መጣልን።

«ምን ያስቅሻል?»

«አንተ ደግሞ ጋዜጠኛ አይደለህ? መምጣት መሰለህ እንዴ? መጣል ነው እንጂ! መጣልን ለምደናል ነው’ኮ የሚሉህ።»

እያጨበጨቡላቸው፣ ማኅተሙ ፊት ቁጭ ብለው ተሳድበዋል። የዚያን ቀን ጉዳይ እሷ ስንኝ ነበረች፤ እኔ የባህል ዘጋቢ ተብዬው «ፕሮፓጋንዳ» ብዬ በገዛ እጄ ቆረጥኋት። ሊቀመንበሩን ስንት ጊዜ አምቼዋለሁ! እሱስ ቢያንስ አጨብጭቧል። አክስቴ ጋዜጣ አንብባ አታውቅም።

ማስተካከያ ልጻፍ ብዬ ለአዘጋጁ ደወልሁ። ገጹ ታጥፏል። የጋዜጣ ወረቀት ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው፤ ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው አልቀመስ ብሎ ገጽ ሲቀንሱ መጀመሪያ የወጣው የኪነ ጥበቡ ነው። «ማስታወቂያ አያመጣም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አያመጣም። ግን ስለዚያ መንገድና ስለዚያ ውሃ ከስንት ዜና ይልቅ እሷ ሁለት መስመር ትናገር ነበር፤ የዜና ገጹማ ሊሰማትም አይችል።

እኔን የምትሰሙ ከሆነ ደብዳቤ አታስቀድሙ። ግድ ካላችሁ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። መጀመሪያ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ፣ ተጨዋወቱ፣ ተመለሱ፤ መቅጃውን በሌላ ቀን ታወጡታላችሁ። ምንጭ አይከፈለውም የሚሉትን ደንብ ለአዝማሪ አትጥቀሱበት፤ መሰንቆ እንጀራው ነውና ሸልሙት። ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ አንድ የአገሩን ሰው፣ ቢቻል ሴት ወይዘሮ፣ አስቀምጣችሁ አሰሙ።

በቀደም ለሽማግሌው ደወልሁላቸው።

«ያ ደብተር የያዘው ልጅ ገብቶት ይሆን?» አሉኝ።

«አይመስለኝም፣ አባቴ።»

ሳቁ። «አንተስ?»

«ገባኝ እንጂ» አልሁ።

የታተመውን ጋዜጣ ላክልኝ ብለዋል። እስካሁን አልላክሁም።