ከዊክ ካርድ እስከ ምስር ወጥ

ሁለተኛ ልጃችንን ሳረግዝ የባለቤቴ የሥራ ሰዓት ተቀነሰ፤ እኔም ከሥራ ቀረሁና ለአስቤዛ የምንመድበው ገንዘብ ወሩን መዝለቅ አቃተው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ስለ ዊክ (WIC)፣ ማለትም ለእናቶችና ለሕፃናት ምግብ በካርድ ስለሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ የነገረችኝ በቤተ ክርስቲያን የማውቃት እናት ነበረች። ይሉኝታ ይዞኝ ሁለት ወር ያህል ሳላመለክት ቆየሁ። ዛሬ በእነዚያ ሁለት ወራት አዝናለሁ፤ የቀረው ለልጄና ለጽንሱ የተመደበ ምግብ ነበርና።

ዊክ ነፍሰ ጡሮችን፣ ጡት የሚያጠቡ እናቶችን እስከ አንድ ዓመት፣ ሕፃናትንም አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ይረዳል። የገቢ ጣሪያ ቢኖረውም ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ያለው ሰው በገቢ በኩል እንዳሟላ ይቆጠርለታል፤ ዜግነት ደግሞ መስፈርት አይደለም። ብዙዎቻችን ይህን ባለማወቅ እንቀራለን።

ከካርዱ ጋር የሚሰጠውን የተፈቀዱ ምግቦች ዝርዝር ከራሴ ድስት ጋር ማስማማት ጊዜ ወሰደብኝ። መጀመሪያ የዳቦው መጠን ከተፈቀደው ውጭ ሆኖ ገንዘብ መክፈያው ላይ ተመልሶብኛል። በኋላ ግን ጥራጥሬው የሚሰጠው በደረቁም እንደሆነ አስተዋልኩ፤ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ምስር ወይም አተር ክክ፣ በቁጠባ ከተሠራ ለብዙ ቀን ወጥ ይሆናል። ከወተቱ እርጎ አረጋለሁ፤ እንቁላሉ ለልጆቹ ቁርስ ነው። በዚህ የተረፈው ጥሬ ገንዘብ ለጤፍ፣ ለበርበሬና ለቅቤ ይውላል።

ከዊክ ሌላ ፉድ ስታምፕ (SNAP)፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጋፍ፣ ያለው ሰው ቅደም ተከተሉን ቢጠብቅ ይጠቅመዋል። የዊክ ድርሻ ጊዜው ሲያልፍ ይቃጠላል፤ የፉድ ስታምፕ ቀሪ ሒሳብ ግን ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል፤ ስለዚህ ዊኩን አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል። በፉድ ስታምፕ ሳሙናም ሆነ ትኩስ የበሰለ ምግብ አይገዛም፤ ካርዱን በሚቀበል ሐበሻ ሱቅ ግን እንጀራ ይገዛል። የጎመንና የቃሪያ ዘር መግዛትም ይቻላል፤ በረንዳዬ ላይ ያለው ቃሪያ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ በስደተኝነት (ሪፊውጂ ሆነው) የገቡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ከፉድ ስታምፕ እንዲወጡ ማድረጉ ስንት ወገኖቻችንን እንደሚነካ ሳስብ በጣም ይከብደኛል።

ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ የጤፍን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለው የዊክ ደንብ ጤፍን ከሚፈቀዱት ሙሉ እህሎች መካከል ቆጥሮታል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ማካተት አለማካተቱን የሚወስነው ግን እያንዳንዱ ስቴት ነው። ሐበሻ እናቶች በየዊክ ቢሮ ቀጠሯችን ሳንሰለች ብንጠይቅ ጥያቄያችን ወደሚወስኑት ሰዎች መድረሱ አይቀርም። እኔ በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ጥያቄውን በጽሑፍ አዘጋጅቼ እሄዳለሁ።