ነጠላ ጫማ፣ የማይክሮዌቭ ሞተርና አንድ ዘንግ

ጅማ መርካቶ ያለችው የጥገና ሱቄ ግድግዳ ላይ አንድ ዘንግ ተሰቅሏል። ሞባይል ሊያሠራ የመጣ ሰው ስልኩን ትቶ ስለ እሱ ይጠይቀኛል። «አንቴና ነው?» የሚለው ይበዛል።

አንቴና አይደለም። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው። ሰማያዊና ቢጫ ዥጉርጉሩ እጀታ ደግሞ ነጠላ ጫማ ነው። ዛሬ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ከዚህ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ «ሂድና አንብብ» እለዋለሁ።

ፈረንጆቹ ፍላይ ፊሺንግ ይሉታል፤ በዝንብ ማጥመድ። መንጠቆ ላይ ላባና ክር ትጠመጥምና ነፍሳት የሚመስል ነገር ትሠራለህ። ትል የለም፣ ሊጥ የለም፣ ማስጠሚያ እርሳስ የለም። ጣጣው ላባ ክብደት የለውም። ክብደት የሌለው ነገር ደግሞ ብትወረውረው እግርህ ሥር ነው የሚወድቀው።

መፍትሔውን ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የሚወረወረው ዝንቡ ሳይሆን ገመዱ ነው። ገመዱ ወፈር ያለና ከበድ ያለ ነው። ወደ ኋላ ትልከዋለህ፣ እስኪዘረጋ ትታገሠዋለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ዝንቡ ተከትሎ ይሄዳል። ከጅራፍ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ጅራፍ ካልጮኸ ታፍራለህ፤ ይሄኛው ከጮኸ ዝንቡ ተበጥሶ ሄዷል። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ በጅራፍ የታወቅኩ ነበርኩ። ኳስ ሜዳ ላይ ስለማመድ በመጀመሪያው ሳምንት ሰባት ዝንብ ጨረስኩ።

ዘንጎቹ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ የሚሸከሙት ገመድ ክብደት ነው። 6 ቁጥር ገመድ የፊተኛው 9 ሜትሩ 10 ግራም ገደማ ይመዝናል። የ8 ቁጥሩ 13 ግራም ከግማሽ አካባቢ ነው። ባሌ፣ ዲንሾ በኩል፣ ከኬንያ መጥቶ ወንዝ ውስጥ የተለቀቀ ትራውት አለ። ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። ለእሱ ትንሽ ዝንብና ቀጭን ዘንግ፣ 4 ወይም 5 ቁጥር፣ ይበቃል። የእኛ ውሃ ሌላ ነው። ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ያለው ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል። ውሃው ከ20 ዲግሪ ከወረደበት መብላቱም መራባቱም ይቀዘቅዛል። ቢልጫም አለ፣ አምባዛም አለ። ለአምባዛ የሚሆነው ዝንብ የጫጩት ላባ ክምር ነው የሚመስለው፤ አየር ላይ ይጎተታል። ሐይቁ ደግሞ ገላጣ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከተነሳ ቀጭን ዘንግ ገመዱን ፊትህ ላይ ነው የሚመልስልህ። ስለዚህ 6 ቁጥር አልኩ።

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ባዶውን የካርቦን ዘንግ በአራት ቁራጭ አመጣችልኝ። ርዝመቱ 9 ጫማ፣ በሜትር 2.74 ነው። (ጫማ ስል መለኪያውን ነው። ሌላው ጫማ ገና ይመጣል።) ገመዱን፣ ማጠንጠኛውን፣ ገመዱ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች፣ ኤፖክሲ የሚባለውን ማጣበቂያ ሁሉ አሟልታ ቡሹን ረሳችው። የዚህ ዘንግ እጀታ በአብዛኛው የሚሠራው ከቡሽ ነው።

«ቡሽማ እዚያ ይታጣል?» አለችኝ።

ይታጣል።

ጅማ ቁጭ ብዬ እጀታ አላጣም ብዬ በርጩማ የሚሠራ ሰፈራችን ያለ እንጨት ቤት ሄድኩ። ዋንዛ በቶርኖ አወጡልኝ። እንዴት እንደሚያምር! ሳሎን የሚቀመጥ ዕቃ ነው የሚመስለው። ግን ከበደ። ውሃ ሲነካው ደግሞ እጄ ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። ዓሣ የያዘ እጅ ደረቅ ሆኖ አያውቅም።

ሁለት ሳምንት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ከሰዓት ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሳለ የሊስትሮው ልጅ የተበጠሰ ነጠላ ጫማ ቆርጦ የሌላ ጫማ ሶል ላይ ሲለጥፍ አየሁት። ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ያ ስፖንጅ ኢቪኤ ይባላል፤ ፋብሪካ የሚሠራቸው ብዙ ዘንጎችም እጀታቸው ከእሱ ነው። ውሃ አይጠጣም፣ ሲረጥብም አይንሸራተትም፣ ቀላል ነው። ልጁን «አሮጌ ነጠላ ጫማ ሰብስብልኝ» ስለው ለጤናዬ ሠጋ።

የብረት ቱቦ ጫፉን በሞረድ ስዬ ትራፓኖ ላይ አሰርኩና ሶሉን እንደ ብስኩት እየቆረጥኩ አወጣሁት። ከሦስት ነጠላ ጫማ አሥራ ሁለት ክብ ወጣ። መሐላቸውን በስቼ አንዱን ሰማያዊ አንዱን ቢጫ እያደረግኩ በማስቲሽ አጣበቅኳቸው። ከዚያ ትራፓኖው እያዞረው በብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ አወጣሁለት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ወረቀቱን ጫን ካላችሁት ስፖንጁ ይግልና ይቀልጣል፤ የመጀመሪያው እጀታዬ ወገቡ ላይ የተበላ በቆሎ መስሎ ነበር። ዋንዛውም አልባከነም። ተቆርጦ ማጠንጠኛው የሚቀመጥበት ሆኗል።

ቀጥሎ አከርካሪ ፍለጋ ነው። የካርቦን ዘንግ ዙሪያውን እኩል አይደለም፤ አንድ ወገኑ ይጠነክራል። ቁራጩን ጠረጴዛ ላይ ጫፉን አስደግፋችሁ፣ መሐሉን በመዳፍ ተጭናችሁ ስታንከባልሉት አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ በራሱ ዘሎ ይቀመጣል። አከርካሪው እዚያ ጋ ነው፤ በእርሳስ ምልክት ታደርጋላችሁ። ቀለበቶቹን ከምልክቱ ጋር ማስተካከል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ለውጥ የለውም የሚሉም አሉ። እኔ አስተካክያለሁ፤ ግን ልዩነቱን አውቄያለሁ ብል ውሸቴን ነው።

ቀለበቶቹ ጫፉን ሳይጨምር 10 ናቸው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ዘንጉ ስንት ጫማ ነው? አንድ ጨምር። የቀለበቱ እግር በሞረድ ተስሎ እንደ ምላስ መሳሳት አለበት፤ አለዚያ ቀለበቱን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ክር መወጣጫ ያጣል። ክሩን በወፍራም መዝገበ ቃላት ገጾች መሐል አሳልፌ ዘንጉን በእጄ እያዞርኩ ጠመጠምኩ። መጽሐፉ ክሩን ወጥሮ ይይዝልሃል። ላላ ካለ ሌላ መጽሐፍ ትጭንበታለህ። ክሩ ከልብስ ሰፊ የገዛሁት ደማቅ ቢጫ ናይለን ነበር፤ ከእጀታው ጋር እንዲሄድ። ኤፖክሲ ሲነካው ደማቁ ቢጫ ጠፍቶ የቡና ቀለም ሆነ። ለካ ናይለን ኤፖክሲ ሲጠጣ ይጠቁራል። አስቀድሞ የሚቀባ መከላከያ አለው፤ እኔ አልነበረኝም። ጅማ ነውና ቡና ቢመስል ምን ይደንቃል ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ዋናው ሌሊት። ኤፖክሲው ሁለት ፈሳሽ ነው። በመርፌ እኩል እኩል ለክተህ ታዋህዳለህ፣ ክሩ ላይ ትቀባለህ። ከዚያ እስኪረጋ፣ ሦስት አራት ሰዓት፣ ዘንጉ መዞር አለበት። ከቆመ ፈሳሹ ወደ ታች ይሰበሰብና ይንጠለጠላል። ለማዞሪያ የማይክሮዌቭ ሞተር የሚያህል የለም፤ ያ ሳህኑን የሚያዞረው። በደቂቃ አምስት ስድስት ጊዜ፣ ረጋ ብሎ። ሱቄ ውስጥ የሞተ ማይክሮዌቭ ሞልቷል፤ ሞተራቸው ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቀብቼ ጨረስኩ። ሞተሩ እየዞረ ነው። እኔ አረፋውን በክብሪት ሙቀት እያፈረጥኩ ነው። ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መብራት ድርግም አለ።

ይሄን ሳስበው እስካሁን ያስቀኛል። ይህን ሁሉ የምደክመው ግልገል ጊቤ ላይ ላጠምድ ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋዋት ነበር የተባለው። ውሃው እዚያ ሠርቶ ሲጨርስ ደግሞ 26 ኪሎ ሜትር በተራራ ሥር በዋሻ ሄዶ ጊቤ ሁለት ላይ 420 ሜጋዋት ያመነጫል። እኔ የምፈልገው የሳህን ማዞሪያ ብቻ ነበር።

በእጄ ማዞር ጀመርኩ። እናቴ ጎረቤቶቿን ጠርታ ቡና እያፈላች ነበር፤ ሻማ ይዛ መጣች።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ ያላበህ?»

«ከቆመ ይበላሻል፣ እማ።»

«እና እዚህ ጨለማ ውስጥ ብቻህን ታዞረዋለህ? ና ወደዚህ።»

ዘንጉን ይዤ ሳሎን ገባሁ። የላይኛውን ሁለት ቁራጭ ተቀበለችኝና ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ታዞር ጀመር። አቦል ተቀዳ፣ ቶና ተቀዳ፣ እጇ አልቆመም። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና የቆላች ሴት ናት፤ ሳታይ ማገላበጥ ታውቃለች። ጎረቤታችን እትዬም «እስቲ እኔም ልሞክረው» ብላ አንድ ዙር ያዘችላት። እኔ ከቶና በኋላ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ መሰለኝ። በረካ ሲደርስ ስነቃ እጄ ቆሟል።

መብራት ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። ጠዋት አየሁት። እናቴ ያዞረችው እንደ መስተዋት ነው። እኔ የያዝኩት የታችኛው ቁራጭ፣ ሦስተኛው ቀለበት ሥር፣ አንድ ደርቆ የቀረ ጠብታ አለው። ሱቅ የሚመጣ ሰው ቶሎ አያየውም። እናቴ ግን ዘንጉን ባየች ቁጥር ጣቷን እሱ ላይ ታደርጋለች። ምንም አትልም፤ ጣቷን ብቻ።

ዝንቡን ማሰር ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ አላስረዝመውም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። የበዓል አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ግሩም ነው፤ ግን የፈላ ውሃ ሳይነካው መነቀል አለበት። ዘንድሮ ለፋሲካ ድስቱ እየፈላ ዶሮውን አቅፌ ስከራከር ነው ያረፈድኩት።

ዘንጉን በፒቪሲ ቱቦ ከትቼ በሚኒባስ፣ ሰርቦን አልፌ፣ አሰንዳቦ ወረድኩ። በማለዳ ውሃው ዳር ደረስኩ። መረብ የሚያነሱ አንድ ሽማግሌ ጉማሬ የማይወጣበትን በኩል አሳዩኝ። ከውሃው ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ እናንተም ጉልበታችሁ ድረስ እንዳትገቡ። ገመዴን ሳወዛውዝ ሽማግሌው መረባቸውን ትተው ያዩኛል።

«ልጄ፣ ከብት ነው የምትነዳው?»

«አይ አባባ፣ ዓሣ።»

ውሃ የዋጠው ሣር ዳር አረንጓዴ የሱፍ ክር ዝንብ ጣልኩ። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ በል ስለሆነ የሚሮጥ ነገር አያሳድድም፤ ቀስ ብሎ እየሰጠመ አጠገቡ ማለፍ አለበት። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም። ከዚያ ገመዱ ቀጥ አለ፣ እንደ ተያዘ ሳይሆን እንደ ከበደ። ዘንጉ እስከ ዋንዛው ድረስ ለመጠ። ቆሮሶ ሲያዝ ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚታገለው፤ እንደ ሳህን። ሳወጣው ከሁለት መዳፍ በለጥ ይላል። እጄ በዝልግልጉ ተለቅልቋል፤ ነጠላ ጫማው ግን አልተንሸራተተም።

ሁለተኛው ቢልጫ ሳይሆን አይቀርም። ገመዱን ይዞ ወደ መሐል ነጎደና በጠሰው፤ መልኩንም አላሳየኝ። ሽማግሌው ያን ጊዜ ነው ከልባቸው የሳቁት።

ማታ እናቴ ቆሮሶውን ጠብሳ፣ ሎሚ ጨምቃበት፣ በዳጣ በላነው። ለአምባዛ 8 ቁጥር ልሠራ እንዳሰብኩ ነገርኳት። ተነሥታ ከአልጋዋ ሥር አንድ ሐምራዊ ነጠላ ጫማ አውጥታ ሰጠችኝ። የግራ እግሩን ብቻ። ሌላውስ ብላት፣ የቀኙ ገና አልተበጠሰም አለች።